የገና ዛፍ የት በቀለ?



ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋና ከመካኒሳ አንሥቶ እስከ ለቡ፣ ጀሞና ሃና ማርያም ድረስ በተዘረጉት ሰፈሮች ለደን ባለሙያ ዓይን አነስተኛ የሚመስል አንድ ገበያ ይቆማል፤ ይኸውም የገና ዛፍ ገበያ ነው። ቀድሞ ዛፉ በትከሻ ተይዞ ወይም በመንገድ ዳር ከግንብ ተደግፎ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ የሚሸጥ አይጠፋም። ነገር ግን የዘመኑ ገዢ ከቤቱ ሳይወጣ በተንቀሳቃሽ ስልኩ የዛፉን ፎቶግራፍ ተመልክቶ ለመግዛት ችሏል። ቁመቱን ይመርጣል፤ በዋጋው ይስማማል፤ በባንክ ሒሳብ ወይም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በሰጠው በቴሌብር ይከፍላል፤ ዛፉም በመኪና ወይም በሞተር ብስክሌት ከደጃፉ ይደርስለታል።

በዚህ ግብይት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። ቁመቱ ስንት ነው? ዋጋው ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? አራተኛው ጥያቄ ግን ከገዢውም ከሻጩም አፍ እምብዛም አይወጣም። ይኸውም «ይህ ዛፍ የት በቀለ?» የሚለው ነው። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚህ በአራተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው መልስ እስካላገኘ ድረስ ሻጭ ምንም ያህል ቅን፣ ገዢም ምንም ያህል አስተዋይ ቢሆን፣ ለአንድ ሳምንት ደስታ የሃያና የሠላሳ ዓመት ዛፍ ሊከፈልበት ይችላል። ጥያቄውን መመለስ የሚቻልበትን መንገድ ማበጀት ደግሞ የሌላ የማንም ሳይሆን የደን ባለሙያው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ልማዱ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በዓልን በለምለም ተክል ማክበር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓመት በዓል ቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፤ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይታሰራል፤ ለመስቀል ደመራ ይደመራል፤ ለሆሣዕና ዘንባባ ይታደላል። ልዩነቱ እነዚህ ሁሉ ወይ በየዓመቱ ከሥራቸው የሚታደሱ ሣርና አበባ፣ ወይም ከተክሉ ላይ ተቀንሰው የሚወሰዱ ቅጠልና ጭራሮ መሆናቸው ነው። ቄጠማ ቢታጨድ ሜዳው በሚቀጥለው ዝናብ ይለመልማል። የገና ዛፍ ግን ሙሉ ዛፍን ከነግንዱ የሚጠይቅ ልማድ ነው።

ይህ ልማድ የተወለደው በጀርመንና በአልዛስ ምድር ነው። በ1605 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ሰዎች በየሳሎናቸው ዛፍ አቁመው የወረቀት ጽጌረዳ፣ ፖምና ጣፋጭ ያንጠለጥሉበት እንደ ነበር ይገልጻል። በ1848 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዛፍ ዙሪያ የቆሙበትን ሥዕል ካወጣ በኋላ ልማዱ በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅግ ተስፋፋ። ወደ አዲስ አበባ ቤቶች የገባውም ከዚሁ ከባሕር ማዶ ልማድ ነው። በከተማይቱ ሁለት ጊዜ የሚፈለግበት ምክንያት አለ፤ አንዱ በታኅሣሥ 16 ቀን የሚውለው የውጭ አገር ሰዎች ልደት፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ በታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረው የኢትዮጵያ ገና ነው። ስለዚህ የገበያው ዕድሜ ከሦስት ሳምንት ባይበልጥም ፍላጎቱ ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል።

ልማዱ የተወለደበት አገር በልዩ ልዩ ዓይነት ሾጣጣ ዛፎች የታደለ ነው። ኢትዮጵያ ግን በተፈጥሮዋ ያሏት ባለፍሬ ኮን ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። ከሁለቱም የገና ዛፍን መልክ የሚይዘው ጥዱ ነው። የሐበሻ ጥድ ከዓረብ ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች አልፎ እስከ ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ይደርሳል፤ ከዓለም የጥድ ዘመዶች ሁሉ የምድር ወገብን ተሻግሮ በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ በተፈጥሮው የሚበቅለው እርሱ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ ከበላዩ የሚታየው የፉሪ ተራራ ከዚህ ክልል አይወጡም። ግንዱ ምስጥን የሚቋቋም በመሆኑ ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ፣ ለበርና ለመስኮት፣ ለአጥር ቋሚ ሲያገለግል ኖሯል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገርለታል። በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ ያልተረሳ የችግኝ ተከላ ማለት ነው።

ሁለተኛው የገበያው ዛፍ የፈረንጅ ጥድ ነው። ይህ ዛፍ በስሙ የሚያሳስት ታሪክ አለው። በሳይንሳዊ ስሙ «የፖርቱጋል» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል፤ ምክንያቱም የዕፅዋት ሊቃውንት ያወቁት በፖርቱጋል ተተክሎ ሳለ ነው። እውነተኛው አገሩ ግን ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የሳይንሱ ዓለም ሳይቀር «የት በቀለ?» የሚለውን ጥያቄ ቸል ብሎ ዛፉን በተገኘበት ቦታ እንደ ሰየመው ሲታይ፣ የከተማው ገዢ ሳይጠይቅ ቢቀር አያስደንቅም።

ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ግን አስቸጋሪ አይደለም። የሐበሻ ጥድ ወጣት ሳለ ቅጠሉ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ሲጎለምስ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ጭራሮውን ይለብሰዋል። ሴቴው ዛፍ የሚያፈራው ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁረት የሚያደላ ትንሽ ፍሬ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው የተለያዩ ዛፎች ናቸውና ከወንዴው ላይ ይህ ፍሬ አይገኝም። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን ደርቆ የሚሰነጣጠቅ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ክብ ኮን ነው። በየግቢው ተከርክሞ አጥር የሚሆነውም በአብዛኛው ይኸው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሻጩ በስልክ የሚልከው ፎቶግራፍ የዛፉን ቅርጽ እንጂ ጭራሮውን በቅርብ ስለማያሳይ፣ ገዢው የትኛውን እንደሚገዛ ሳያውቅ ይከፍላል።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ በመጀመሪያ ሕጉ ይጠይቀዋልና ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ሁለት ጊዜ ተለውጦ በ2010 ዓ.ም. የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቷል። የአዋጁ ቁጥር ቢለወጥም መንፈሱ አልተለወጠም፤ አገር በቀል ዛፍ ጥበቃ ይገባዋል፣ የደን ውጤትም ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ምንጩ መታወቅ አለበት። ጣውላ የጫነ መኪና ኬላ ላይ ሲጠየቅ፣ ሁለት ሜትር ጥድ ከኋላው ያሰረ ሞተር ብስክሌት ግን እንደ ዕቃ አድራሽ ታይቶ ያልፋል።

ከሕጉ ይልቅ ጽኑ የሆነው ግን የዛፉ ተፈጥሮ ነው። ሕዝቡ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በገባው በባሕር ዛፍ ምክንያት ስለ ዛፍ ቆረጣ አንድ ልማዳዊ እምነት አድሮበታል፤ ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል የሚል። ለባሕር ዛፍ እውነት ነው። ጥድ ግን፣ የሐበሻም ሆነ የፈረንጅ፣ ከምድር አጠገብ ተቆርጦ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ካልቀረለት ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ይሞታል። ቆራጩ ግንዱን ትቶ አናቱን ብቻ ቢወስድ ዛፉ አይሞትም፤ ነገር ግን ከበታች ያሉት ሁለትና ሦስት ቅርንጫፎች የጠፋውን አናት ለመተካት በአንድነት ወደ ላይ ይነሣሉ። ያ ዛፍ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መንታ ወይም ሦስት ግንድ ያለው ይሆናል። ለማገዶ ይሆን ይሆናል፤ ቀጥ ያለ ምሰሶ ወይም ደኅና ጣውላ ግን አይወጣውም። ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት ተጠብቆ ለመጋዝ ይደርስ የነበረ የፈረንጅ ጥድ፣ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ሲባል በአንድ የገጀራ ምት ዋጋውን ያጣል። የሐበሻ ጥድ ደግሞ ከፈረንጁ ይልቅ በዝግታ የሚያድግ፣ ዘሩም በችግኝ ጣቢያ ለመብቀል የሚያስቸግር ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ለዚህ ዛፍ የተነገረ ይመስላል።

ሌላም የማይታይ አደጋ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ የታየ፣ የጥድን ጭማቂ የሚመጥ አንድ የክሽክሽ ዓይነት በ1990 እ.ኤ.አ. ኬንያ ደርሶ ቆየት ብሎም ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ይህ ነፍሳት የፈረንጁንም የሐበሻውንም ጥድ ያጠቃል፤ ከአጥር እስከ ሰው ሠራሽ ደን ያደርቃል። ምንጩ ያልታወቀ ለምለም ጭራሮ ከአውራጃ ወደ ከተማ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲጓዝ ከላዩ ምን ይዞ እንደሚጓዝ ገዢው አያይም። በላፍቶ የአንድ ቤት ጌጥ ሆኖ የቆየ ቅርንጫፍ በዓሉ ሲያልፍ በጎረቤት የጥድ አጥር ሥር ይጣላል። ይህም «የት በቀለ?» የሚለው ጥያቄ የጤና ጥያቄ ጭምር መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የገና ዛፍ ይከልከል የሚል አስተያየት ቢሰነዘር አይገርምም። ነገር ግን ልማዱ ካለበት አገር የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርስ እውነተኛ የገና ዛፍ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ዛፍ ከተፈጥሮ ደን ቢቆረጥ ኖሮ ደኑ በጥቂት ዓመታት ባለቀ ነበር። የማያልቀው እንደ ስንዴና እንደ ድንች የእርሻ ሰብል ስለሆነ ነው። ገበሬው ዘር ያዘራል፣ ችግኝ ያፈላል፣ በረድፍ ይተክላል፣ በየዓመቱ በመቀስ ቅርጽ ያወጣለታል፤ ሁለት ሜትር እስኪደርስም ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። በዴንማርክ የሚበቅለው ታዋቂው የኖርድማን ዛፍ ዘሩ በአብዛኛው የሚለቀመው በጆርጂያ አገር፣ በራጫ ተራሮች፣ በአምብሮላውሪ አካባቢ ካሉ ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ነው። ገዢው ስለ ራጫ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ነጋዴው ግን የዘሩን ምንጭ ያውቃል፤ የዛፉን ጥራት የሚያስከብርለት እርሱ ነውና። ለምን ቢባል፣ ምንጩ የታወቀ ዕቃ ዋጋ አለው።

ከእነዚሁ ገበሬዎች አንዳንዶቹ ሌላም ዘዴ ይጠቀማሉ። ዛፉን ከምድር አጠገብ ከመቁረጥ ይልቅ ዝቅተኛዎቹን አረንጓዴ ቅርንጫፎች ከሥሩ ይተዉለታል። ከእነዚያ ቅርንጫፎች አንዱ ቀና ብሎ አዲስ አናት ይሆናል፤ የቀሩት ይገረዛሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያው ሥር ሌላ ዛፍ ይቆረጣል። ለጣውላ ሲሆን ጉዳት የነበረው ያው የዛፉ ባሕርይ፣ ለገና ዛፍ ሲሆን ጥቅም ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ ያለው ዛፉ ለምን ዓላማ እንደ ተተከለ አስቀድሞ በመታወቁ ላይ ነው። ለምሰሶ የተተከለውን ለጌጥ መቁረጥ ዝርፊያ ነው፤ ለጌጥ የተተከለውን መቁረጥ መከር ነው።

ኢትዮጵያም ለዚህ ዕድል አላት። ለመጋዝ እንጨት የሚለማ የፈረንጅ ጥድ በ2.5 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቆረጣ የሚዘልቁት ከግማሽ ያነሱ ናቸው፤ የቀሩት ደኑ እንዲሳሳ ሲባል በየጊዜው ይወገዳሉ። በመጀመሪያው ማሳሳት ጊዜ ዛፉ ለሳሎን እጅግ ረዝሟል፤ አናቱ ያለው ሁለት ሜትር ግን ለገና ዛፍ ልክ ነው። በመጨረሻው ቆረጣ ጊዜም ግንዱ ወደ መጋዝ ቤት ሲሄድ አናቱ በሜዳ ይቀራል፣ ወይም ለማገዶ ይሆናል። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ያደገው አናት የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ ከደኑ ጠርዝ ያደገው ግን ብርሃን ስለሚያገኝ ሙሉ ነው። ቆረጣው በበጋ፣ በተለይ በታኅሣሥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲውል ቢታቀድ፣ አንድም ተጨማሪ ዛፍ ሳይቆረጥ ለከተማው ገበያ የሚበቃ ለምለም አናት ሊቀርብ ይችላል። ይህ አዲስ ደን፣ አዲስ ገንዘብ ወይም አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሥራ ቀን መቁጠሪያን ከበዓል ቀን መቁጠሪያ ጋር ማስማማት ነው።

ሁለተኛው ዕድል የችግኝ አፍዪዎች ነው። በአዲስ አበባ አበባና ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ ሰዎች የከተማይቱ የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ችግኝ ማፍላት በብዙ ወጣቶች እጅ የገባ ሙያ ሆኗል። ችግኝ የሚፈለገው በክረምት ነው፤ በታኅሣሥ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። በአበባ መትከያ ውስጥ ለሦስትና ለአራት ዓመት ተገርዞ ያደገ ጥድ ለእነዚህ ሰዎች የበጋ ገቢ ሊሆን ይችላል። በተለይ በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ለሚኖር ቤተሰብ፣ ሦስት ሜትር የሚደርስ ቁርጥ ዛፍ በደረጃ ወደ አራተኛ ፎቅ ከማውጣት አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ፣ ሥር ያለው ዛፍ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል።

ይሁን እንጂ ሥር ያለው ዛፍ ሁሉ ሕያው ሆኖ ይኖራል ማለት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በቅን ልቡና የሚሠራው ስሕተት አለ፤ በዓሉ ባለፈ ማግሥት ዛፉን በደጅ መትከል። ጥር የበጋ ልብ ነው። በመትከያው ውስጥ በተወሰነ አፈር የተቀመጠ ሥር በደረቅ መሬት ውስጥ ሲገባ ውኃ ፍለጋ ሊዘረጋ ጊዜ አያገኝም። ስለሆነም ዛፉ ከበዓሉ በኋላ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ በመትከያው እንዳለ፣ አፈሩ ሳይደርቅም ሳይጨቀይም ውኃ እየጠጣ እስከ ሰኔ ሊቆይ ይገባል። ክረምቱ ሲጠና፣ በመትከያው ዙሪያ የተጠማዘዘው ሥር በቀስታ ተፈትቶ ይተከላል። በቤት ውስጥም ቢሆን ከአሥር ቀን በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ይህን ሁሉ ሻጩ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከዛፉ ጋር ቢልክ፣ ሸቀጥ ከመሸጥ አልፎ ሙያ ያስተምራል።

ለቁርጥ ዛፍም እንዲሁ ሥርዓት አለው። «ለምለም» የሚለው ቃል በሻጭ አፍ ቀላል ነው፤ ገዢው ግን ዛፉ ከደጃፉ ሲደርስ፣ ከመረከቡ በፊት ሊያረጋግጠው ይችላል። ጭራሮው ሲታጠፍ መለመጥ እንጂ መሰበር የለበትም። በእጅ ሲታሽ ሽታው ጎልቶ መውጣት አለበት። የተቆረጠበት ጫፍ ሲነካ እርጥበት ሊሰማ፣ ዛፉም ሲነሣ ከመጠኑ ጋር የሚመጣጠን ክብደት ሊኖረው ይገባል። ጥድ እንደ ሌሎቹ ሾጣጣ ዛፎች መርፌውን ቶሎ አያራግፍም፤ ስለዚህ የደረቀ ጥድ ለተወሰነ ጊዜ አረንጓዴ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ፎቶግራፍ በተለይ በዚህ ረገድ ታማኝ ምስክር አይደለም፤ የባለፈው ዓመት ፎቶግራፍ ለዘንድሮው ዛፍ ሊላክ ይችላልና። ገዢው ዛፉ የተቆረጠበትን ቀን ሻጩ በጽሑፍ እንዲገልጽለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ከተረከበም በኋላ ከግንዱ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል በመጋዝ ቆርጦ ወዲያው ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ማቆም አለበት፤ የቀድሞው ቁራጭ ጫፍ በሙጫ ተዘግቶ ውኃ አይስብምና። የታኅሣሥ አየር ደረቅ ነው፤ ውኃ ያጣ ጥድ ዘይት ያዘለ ማገዶ ነው፤ ሻማ ከአጠገቡ ሊቀመጥ አይገባም፣ የኤሌክትሪክ መብራቱም ሰው በሌለበት ሊጠፋ ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው የላስቲክ ዛፍ መግዛት አይሻልም ወይ የሚል ነው። አንድ ቤተሰብ የገዛውን የላስቲክ ዛፍ በጥንቃቄ አስቀምጦ ለብዙ ዓመት ቢጠቀምበት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ሲያረጅ አይበሰብስም፤ ለአንድም ችግኝ አፍዪ ገቢ፣ ለአንድም ደን ጥቅም አያስገኝም። ሁለተኛው ተቃውሞ ልማዱ ባዕድ ስለሆነ መደገፍ አይገባም የሚል ነው። በዓሉን በምን ማክበር እንደሚገባ መወሰን የየቤተሰቡና የየእምነቱ ጉዳይ ነው፤ የደን ባለሙያ ድርሻ አይደለም። የባለሙያው ድርሻ ፍላጎት ካለ፣ ያ ፍላጎት ከየትኛው ዛፍ እንደሚሟላ ማስተካከል ነው። ክልከላ ብቻውን ገበያን አያጠፋም፤ ከቀን ወደ ሌሊት ያዛውረዋል። የሌሊት ቆራጭ ደግሞ የሚደርሰው በቅርቡ ወዳለው ዛፍ ነው፤ ወደ መንገድ ዳር፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ።

ዐጸዱን ማስታወስ የተገባ ነው። በሰሜንም ሆነ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብዙ መሬት ዛፉን ሲያጣ የሐበሻ ጥድን ጠብቆ ያቆየው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በደቡብ ጎንደር ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ እንደ ደሴት የቀሩት ደኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። በአዲስ አበባም ጥንታዊ ጥድ የሚያይ ሰው በአብዛኛው የሚያየው በዐጸድ ውስጥ ነው። ለልደት በዓል ተብሎ የልደቱ በዓል ከሚከበርበት ቅጥር ጥድ ቢቆረጥ፣ ይህን የመሰለ ቅራኔ አይገኝም።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ አጭርና ሊሠራ የሚችል ነው። በደን ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ አባላት የታኅሣሥን ቆረጣና ማሳሳት አቅደው አናቶቹን ለይተው እንዲያቀርቡ፤ በምርምር ላይ ያሉ አባላት የፈረንጅ ጥድን በመትከያ ለማሳደግና ከሥር አረንጓዴ ቅርንጫፍ ትቶ ለመቁረጥ የሚስማማውን ርቀት፣ ግርዛትና ዕድሜ በሙከራ እንዲያረጋግጡ፤ በከተማ አረንጓዴ ልማት የሚሠሩ አባላት ችግኝ አፍዪዎችን እንዲያሠለጥኑ ነው። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ለገበያ የሚወጣ ዛፍ አራት ነገር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ እንድትታሰርበት ያስፈልጋል፤ የዛፉ ዓይነት፣ የበቀለበት ቦታ፣ የተቆረጠበት ቀን፣ ያበቀለው ድርጅት ወይም ግለሰብ። በስልክ ለሚሸጥ ዛፍም የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የዚህች ካርድ ፎቶግራፍ ቢሆን፣ ገዢው ሳይጠይቅ የአራተኛው ጥያቄ መልስ ይደርሰዋል።

የሐበሻ ጥድን በሚመለከት ግን ካርዷም አትበቃም። የሐበሻ ጥድ በቁርጥ ዛፍነት ከገበያ ውጭ መሆን አለበት። ገዢ የሚፈልገው ከሆነ በመትከያ ከነሥሩ፣ ለመተከል ተዘጋጅቶ ብቻ ይሸጥለት። እንዲህ ከሆነ በጎፋ ወይም በመካኒሳ የአንድ ቤት ልጆች በታኅሣሥ ያስጌጡት ጥድ በክረምቱ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ወይም በትምህርት ቤታቸው ግቢ ሊተከል፣ ልጆቹም አድገው ሊያዩት ይችላሉ። ጥድ ከሰው ዕድሜ የሚተርፍ ዛፍ ነውና የሚያዩት ልጆቹ ብቻ አይሆኑም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ይህ በአንድ ዓመት የሚፈጸም አይደለም። ዛሬ በችግኝ ፕላስቲክ የሚዘራ ጥድ ለገበያ የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የደን አናቶቹ ግን ለመጪው ታኅሣሥ ይደርሳሉ፤ ካርዷም ለመታተም ከአንድ ሳምንት በላይ አትፈጅም። ገበያው ሥርዓት የሚይዘው ደግሞ በኬላ ላይ በሚቆም ጠባቂ ብዛት ሳይሆን፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ አንዲት እናት ስልኳን ይዛ «ስንት ሜትር ነው?» ከማለቷ በፊት «የት በቀለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሻጩም ሳያፍር መመለስ ሲችል ነው። ሻጩ መመለስ እንዲችል ማድረግ የዚህ ማኅበር አባላት ሥራ ነው።